ሲስተም የለም፣ በዓለም አቀፍ ደረጃ

ቢሯችን ውስጥ አንድ ነጭ ሰሌዳ አለ። የተገዛው ለስብሰባ ነበር። ስብሰባው ወደ ስልክ ሲዛወር ሰሌዳውም ቡና ወደሚፈላበት ጥግ ተገፋ። ከማርከሮቹ ግማሹ ደርቋል። እኔ ደግሞ ትልቅ የቴክኖሎጂ ዜና በተሰማ ቁጥር እዚያ ላይ አንድ መስመር ቀልድ እጽፋለሁ። ማንም አላዘዘኝም፣ ደሞዝም የለውም።

የተጀመረበትን ቀን አልረሳውም። ሐምሌ 12 ቀን 2016፣ አርብ፣ ሚካኤል። በፈረንጆቹ ጁላይ 19 ቀን 2024 መሆኑ ነው። በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 1 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ላይ ክራውድስትራይክ የተባለው የሳይበር ደህንነት ኩባንያ አንዲት ትንሽ ፋይል ለደንበኞቹ ላከ። ከ78 ደቂቃ በኋላ ነገሩ ገባውና መላኩን አቆመ። ፋይሏን የተቀበሉት የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ግን ሰማያዊ ስክሪን ላይ ተተክለው ቀርተዋል። ማይክሮሶፍት ሲገምት 8.5 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ። አውሮፕላን ቀረ፣ ሆስፒታል ቀጠሮ ሰረዘ፣ የቴሌቪዥን ጣቢያ ሳይቀር ከአየር ላይ ወረደ። መፍትሔውም ከሩቅ የሚሠራ አልነበረም። ባለሙያ እያንዳንዱ ማሽን ጋ ሄዶ ፋይሏን በእጁ ማጥፋት ነበረበት።

ቢሮ ስደርስ ሁሉም ስልኩ ላይ አፍጥጧል። መሳቅ ፈልጎ በምን እንደሚስቅ የጠፋበት ሰው ፊት ታውቃላችሁ? እንደዚያ። ማርከር አነሳሁና «ዓለም፦ ሲስተም የለም» ብዬ ጻፍኩ።

ባንክ ወረፋ ይዞ ተራው ሲደርስ «ሲስተም የለም» ያልተባለ አዲስ አበቤ ካለ እጁን ያውጣ። ቡና የሚያፈሉልን እትዬ ረከቦቱን እያስተካከሉ ቀና ብለው አነበቡት። «እንዴ! እነሱም ጋ?» አሉ። ከዚያ ሳቁ። እትዬ ኮድ ጽፈው አያውቁም። እሳቸው ሲስቁ ነው ነገሩ እንደተሳካልኝ የገባኝ።

ከዚያ በፊት ያልሞከርኩ እንዳይመስላችሁ። የእንግሊዝኛ ቀልዶችን እየተረጎምኩ ቡና ላይ አወራ ነበር። ከንፈር የሚመጥጥልኝ እንኳን አላገኘሁም። ለምሳሌ የኔትወርክ ሰዎች ምንም ነገር ሲበላሽ «ሁልጊዜም ዲኤንኤስ ነው» ይላሉ። ዲኤንኤስ የድረ ገጽ ስሞችን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረው አሠራር ነው። እሱ ሲታመም ሁሉም ነገር የታመመ ይመስላል። ይህን ለእትዬ በቀጥታ ተርጉሜ ብነግራቸው «እሺ» ብለው ጀበናቸውን ያዩ ነበር። በኋላ ግን «ዲኤንኤስ ማለት የኢንተርኔት ምች ነው፣ ዳማከሴ የለውም እንጂ» ብዬ ጻፍኩ። ራስ ምታቱም፣ ትኩሳቱም፣ የከንፈር ቁስሉም ምች እየተባለ ላደገ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የመጀመሪያው ሳምንት ደስታ ግን ጉድ ሠራኝ። በዚያው በክራውድስትራይክ ሰሞን አንድ ወሬ ተናፈሰ። የአሜሪካው ሳውዝዌስት አየር መንገድ ከአደጋው የተረፈው ዛሬም በዊንዶውስ 3.1 ስለሚሠራ ነው የሚል። ዊንዶውስ 3.1 የወጣው በፈረንጆቹ 1992 ነው። የሚጣፍጥ ወሬ ነው አይደል? እኔም «ያረጀ ነገር አይጣል፦ ሳውዝዌስትን ይጠይቁ» ብዬ ለጠፍኩ። ወሬው ልክ አልነበረም። ሰው ተሳልቆ የጻፈውን ሌላው እንደ ዜና ተቀብሎት ነው። እኔ ሳጣራ ግን አለቃችን ቀድመውኝ ደንበኛ ፊት በእርግጠኝነት ተናግረውታል። ደንበኛው ደግሞ እውነቱን ያውቅ ነበር። አለቃችን ሲመለሱ ሰሌዳውን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ምንም አላሉም። ቢናገሩኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን አንድ የቤልጅየም ቀልደኛ የኩባንያው አዲስ ሠራተኛ መስሎ «የመጀመሪያ ቀኔ ነው፣ ትንሽ አፕዴት ልኬ ከሰዓት ዕረፍት ወጣሁ» የሚል ነገር ከፎቶ ጋር ለጥፎ ነበር። ስንቱ አምኖ ሰደበው! ከዚያ በኋላ ለራሴ አንድ ሕግ አወጣሁ። ኩባንያው ራሱ የጻፈውን ሪፖርት ሳላነብ ማርከር አልነካም።

ሪፖርት ማንበብ አሰልቺ ይመስላል። ግን ቀልዱ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። የክራውድስትራይክን ሳነብ የችግሩ ሥር ምን ሆኖ ተገኘ? አንዱ ክፍል 21 መረጃ ይጠብቃል፣ ሌላው የሚያቀብለው 20 ነው። ፕሮግራሙ የሌለውን 21ኛ ፍለጋ ሲሄድ የማይመለከተው የሜሞሪ ክፍል ውስጥ ገባና ዊንዶውስን ይዞት ወደቀ። 20 ወንበር ላይ 21 እንግዳ የጠራ ድግስ በሉት። እሱን ጻፍኩ። እዚያ ባቆም ጥሩ ነበር። ከሥሩ «ፋይሉን የላከው ልጅ ዛሬ ሲቪውን እያስተካከለ ነው» ብዬ ጨመርኩበት።

ሁሉም ሳቀ። አንድ አንጋፋ ባልደረባችን ብቻ አልሳቀም። «የፈተሸውስ? የፈቀደውስ? እሱ ብቻውን ነው የላከው?» አለኝና ስኒውን ይዞ ሄደ። ቀልድ የማይገባው ሰው ብዬ አለፍኩት።

ወር አልሞላም። አርብ ቀን፣ ከቀኑ 11 ሰዓት። አርብ ማታ አዲስ ኮድ እንደማይለቀቅ የሚያውቅ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ፣ ስንቴ ቀልጄበታለሁ። ግን ሥራዋ ትንሽ ነበረች። ለአንድ ደንበኛ የሠራነው የምዝገባ ገጽ ላይ የልደት ቀን ማረጋገጫ ጨመርኩ፣ ፑሽ አድርጌ ለቀቅኩት፣ ታክሲ ተሳፈርኩ። ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ መጮህ ጀመረ። ገጹ ወድቋል። ለምን መሰላችሁ? ማረጋገጫው ወር ከ1 እስከ 12 ብቻ ነው የሚቀበለው። ከአሮጌው መዝገብ በተዛወሩት ስሞች መሃል አንድ ጳጉሜ 3 የተወለደ ሰው ነበር። ሩፋኤል ዕለት። እኔ፣ የአሥራ ሦስት ወር ጸጋ አገር ልጅ፣ ጳጉሜን ረሳኋት።

ሰኞ ስገባ ሰሌዳው ላይ የእኔ ያልሆነ ጽሑፍ ነበር። የዚያ የአንጋፋው እጅ ነው። «ክራውድስትራይክ፦ 21 ለ20። እኛ፦ 13 ለ12።»

የዚያን ያህል የሳቅኩበት ቀልድ የለም። ኮዱን የገመገመልኝ ልጅም፣ ያጸደቀው ኃላፊም አብረውኝ ሳቁ፤ ሁለቱም የጳጉሜን ነገር አላዩማ። ሲቪውን የሚያስተካክል ግን አልነበረም። ያን ቀን ስለ ልጁ የጻፍኩትን መስመር ፈልጌ አጠፋሁት። ማርከሩ ደርቆበት ስለነበር አሁንም ጥላው ይታያል።

አንዳንዱ ዜና ያለ ምንም ማጣፈጫ ለእኛ የተሠራ ነው። የኤክስዚን ታሪክ ውሰዱ። መጋቢት 20 ቀን 2016 አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ኤክስዚ በተባለ፣ በብዙ የሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ሌላ ሥርዓት) ማሽኖች ውስጥ በሚገኝ የፋይል መጭመቂያ ውስጥ የጓሮ በር፣ ማለትም የተደበቀ መግቢያ፣ መኖሩን ይፋ አደረገ። በሩን ያስገባው ጂያ ታን በሚል ስም የሚንቀሳቀስ ሰው ነበር፤ ከሁለት ዓመት በላይ እየረዳ፣ እየታመነ ቆይቶ። እንዴት ተነቃበት? ከርቀት ወደ ማሽኑ መግባት ግማሽ ሰከንድ ገደማ ዘገየበት። ሰውየው «ለምን?» ብሎ ሥሩን ቆፈረ። ሰሌዳው ላይ «ግማሽ ሰከንድ! እኛ ጋ ቢሆን ጂያ ታን ቀጠሮ አክባሪ ተብሎ ይሸለም ነበር» ብዬ ጻፍኩ። ዜናው በወራት የቆየ ቢሆንም ቀልዱ አልቆየም። እንዲያውም በዚያ ሳምንት ሁለት ሰዎች በሰዓቱ ቢሮ ገቡ።

የአማዞን ክላውድ፣ ስንቱ ኩባንያ ሥራውን የሚያሠራበት የኪራይ ኮምፒውተር፣ በወደቀበት ሰኞ፣ ጥቅምት 10 ቀን 2018፣ ደግሞ ሰሌዳው አልበቃንም። ችግሩ የተነሳው ሰሜን ቨርጂኒያ ካለው ማዕከል ነው። ሰሜን ቨርጂኒያ! ግማሹ ቢሯችን እዚያ አክስት ወይም አጎት አለው። አንዱ «ለካ ከቨርጂኒያ የሚላክልን ዶላር ብቻ አይደለም» ብሎ ጻፈ። እኔ ሪፖርቱ እስኪወጣ ጠበቅኩ። ሲወጣ ያው ምች ነው፤ ዲኤንኤስ። አድራሻ የሚያስተካክሉ ሁለት አውቶማቲክ ሠራተኞች ተደናቀፉ። አንዱ አዲሱን አድራሻ ለጠፈ። ሌላው ዘግይቶ ደርሶ አሮጌውን በላዩ ለጠፈበት። የመጀመሪያው ሲያጸዳ «ይሄ አሮጌ ነው» ብሎ አነሳው። በሩ ያለ ቁጥር ቀረ። በኢንተርኔት የሚታዘዙ ውድ አልጋዎች ሳይቀሩ ሙቀታቸው አልስተካከል ብሎ፣ አንዳንዶቹም ራስጌያቸው ከፍ እንዳለ ተጣብቀው አደሩ። ይህን ለእትዬ ስነግራቸው ስኒ ማጠባቸውን አቆሙ። «መተኛትም በሲስተም ሆነ?» አሉ። ቃል በቃል ጻፍኩት። ከእኔ ሁሉ የተሻለው የእሳቸው ነው።

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ብዙ አልጽፍም። ዜናው በየሰዓቱ ስለሚወጣ ማርከር ያልቅብኛል። በሐምሌ 2017 ግን አንድ ኮድ ጸሐፊ ረዳት እንዳይነካ የተነገረውን የሥራ ዳታቤዝ አጥፍቶ፣ ሲጠየቅ «ደነገጥኩ» ማለቱ ሲሰማ ዝም ማለት አልቻልኩም። «ሥራችንን ሊወስድ የመጣው አርብ ማታችንንም ወሰደ» ብዬ ጻፍኩ።

አሁን ሰሌዳው ላይ የማይጠፋ አንድ መስመር አለ። ብዙ የቆዩ ሲስተሞች ጊዜን የሚቆጥሩት ከፈረንጆቹ 1970 መጀመሪያ ጀምሮ በሰከንድ ነው። በ32 ቢት የሚቆጥሩቱ 2,147,483,647 ላይ ሲደርሱ ቦታ ያልቅባቸዋል። ያ ቅጽበት በዓለም አቀፉ ሰዓት ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ከሌሊቱ 3፡14፡07 ነው። አንድ ቀን ቡና እስኪደርስ ወደ እኛ ቀየርኩት። ጥር 11 ቀን 2030፣ ጠዋት 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ። ጥምቀት! ሕዝቡ ጃንሜዳ ላይ ጸበል በሚጠብቅበት ሰዓት ያልታደሰው ማሽን ሁሉ ቁጥሩ ወደ ኔጌቲቭ ተገልብጦበት ወደ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ይወረወራል። አፄ ምኒልክ ዙፋን ላይ ናቸው።

ሁለቴ አሰላሁት። የጳጉሜ ነገር ስላለብኝ ለአንጋፋውም አሳየሁት፣ እሱም አሰላው። ልክ ነው። ከዚያ ቀኑን በትልቁ ጻፍኩና ከሥሩ «ተረኛ ማን ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። እስካሁን ስሙን የጻፈ የለም።