የተሰበረ የፊት መብራት ጆሮ፦ ማጣበቅ ሳይሆን ማቅለጥ

የዚህ ቪትዝ የግራ መብራት ሁለት ጆሮዎቹ (መብራቱን በብሎን ከመኪናው ጋር የሚያስሩት ቀዳዳ ያላቸው የፕላስቲክ ማሰሪያዎች) ተሰብረው በሱፐር ግሉ ተለጥፈው ነበር። ኮብልስቶን ላይ ሲወጣ ብርሃኑ ይንቀጠቀጣል። ከመፍታቴ በፊት መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ፣ ከግድግዳ 5 ሜትር አርቄ አቆምኩና የደህናው መብራት ብርሃን የላይኛው ጠርዝ የት እንደሚያርፍ በፕላስተር ምልክት አደረግሁ።

ፓራውልቱ ወርዶ መብራቱ ሲወጣ መጀመሪያ የሚነበበው ጀርባው ላይ የታተመው ጽሑፍ ነው። የዚህኛው ፒፒ-ቲ40 ይላል፤ 40 በመቶ ታልክ (የማዕድን ዱቄት) የተቀላቀለበት ፖሊፕሮፒሊን የሚባል ፕላስቲክ ማለት ነው። ፖሊፕሮፒሊን ደግሞ ሱፐር ግሉም ሆነ ተራ ኢፖክሲ በደንብ አይዘውም፤ ማጣበቂያው ደርቆ ይጠነክርና በንዝረት እንደ ቅርፊት ይነሳል። ስለዚህ ይበየዳል። መበየጃ ዘንጉም ያው ፒፒ መሆን አለበት። እኔ ያው ምልክት ካለበት ከተጣለ የመብራት ቤት 5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ቁራጮች አወጣሁ። ኤቢኤስ የሚባለው ሌላ ፕላስቲክ ከፒፒ ጋር አይዋሃድም።

የድሮው ማጣበቂያ እስኪያልቅ በቢላ ተፋቀ፤ ትንሽ ከቀረ ብየዳው አይይዝም። ማጣበቂያ የሚያሟሟው አሴቶን ግን የመብራቱ የፊት መስታወት አጠገብ አይድረስ። ፖሊካርቦኔት የሚባል ፕላስቲክ ስለሆነ ይደበዝዛል፣ ይሰነጠቃልም።

ሥራውን የሚያበላሸው ብየዳው ሳይሆን አቀማመጡ ነው። ጆሮው ጠረጴዛ ላይ ከተበየደ ቀዳዳው ጥቂት ሚሊ ሜትር መሳቱ አይቀርም፤ ያኔ ብሎኑ ጆሮውን እየጎተተ ያጠብቀዋል፣ መልሶም ይሰብረዋል። ስለዚህ መብራቱን መኪናው ላይ መልሼ፣ ስብርባሪውን በብሎኑ አስሬ፣ ሁለት ሦስት ቦታ በበየጃው ጫፍ ነካ ነካ አደረግሁት። ከዚያ ነው አውርጄ የጨረስኩት።

ስንጥቁ በሚያልቅበት ቦታ 2 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በትራፓኖ ተበሳ፤ ወደፊት እንዳይሄድ ይገታዋል። ከዚያ በሁለቱም ፊት እስከ ውፍረቱ ግማሽ የሚደርስ የቪ ቅርጽ ቦይ ተቆፈረ። 60 ዋት ጠፍጣፋ ጫፍ ያለው የስታኞ መበየጃ በቂ ነው። ዘንጉን ብቻ አቅልጦ ማፍሰስ ዋጋ የለውም፤ የቤቱ ፕላስቲክ ራሱ ቀልጦ ከዘንጉ ጋር መዋሃድ አለበት። ከጨሰና ከጠቆረ ሙቀቱ በዝቷል፣ ያ ክፍል ተቆርጦ ይውጣ። ጭሱን አትሳቡት፤ ደጅ ሥሩ።

ማጠናከሪያው የማይዝግ ሽቦ ወንፊት ነው፤ የሻይ ማጥለያም ይሆናል። ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ 15 ሚሊ ሜትር እንዲያልፍ ተቆርጦ፣ በበየጃው እየተጫነ ፕላስቲኩ ውስጥ ሰጠመና በላዩ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ፕላስቲክ ተሸፈነ። ላዩ ላይ ብቻ ከተለጠፈ ይላጣል። ውኃ ሳይነካው በራሱ ይቀዝቅዝ፣ በውኃ ካጣደፋችሁት ይጣመማል።

ወፍራም ላሜራ በሪቬት የሚያስሩ አሉ፤ እኔ አልወደውም። ብዙ መኪኖች ላይ ጆሮው በግጭት ጊዜ ቀድሞ እንዲሰበር የተሠራ ነው። ከመጠን በላይ ከጠነከረ ምቱ ወደ መብራቱ ቤት ያልፍና ጆሮ ሳይሆን ሙሉ መብራት ትገዛላችሁ።

ቀዳዳው የተበላው ጆሮ ሙሉ በሙሉ ተደፍኖ ለ6 ሚሊ ሜትሩ ብሎን በ7 ሚሊ ሜትር እንደገና ተበሳ፤ ትንሽ ሰፋ ማለቱ ለማስተካከያ ይጠቅማል። ከሥሩ ሰፊ ሮንዴላ ገባ። ብሎኑ ሮንዴላውን ከነካ በኋላ ሩብ ዙር ብቻ ነው የሚጠብቀው። መጨረሻ ላይ ያው ግድግዳ ፊት፦ የብርሃኑ ጠርዝ በ5 ሜትር ርቀት ከመብራቱ መሐል 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ካረፈ ልክ ነው። ካልሆነ ከኋላ ያለውን ማስተካከያ በካቻቢቴ አዙሩት እንጂ ጆሮውን አትጎትቱት።