ያሳለፈው ሰውና የሚጽፈው ሰው

ስለ አንድ የሕይወት ገጠመኙ ሊጽፍ የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያስጨንቀው «የእኔ ታሪክ ለመጻፍ ይበቃል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ስደት፣ ከባድ ሕመም ወይም የቅርብ ሰው ሞት ካልደረሰበት ለአንባቢ የሚያቀርበው ቁም ነገር ያለው አይመስለውም። የሌሎችን ረቂቅ ሳነብ ደጋግሜ የታዘብኩት ግን የድርሰቱን ክብደት የሚወስነው ጸሐፊው ያን ጊዜ ባልገባውና ዛሬ በገባው ነገር መካከል ያለው ርቀት መሆኑን ነው። ይህ ርቀት ካለ አባት ለልጁ መንገድ ላይ የተናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ለሙሉ ድርሰት ይበቃል፤ ከሌለ ግን ጦርነትም ቢሆን የዜና ዘገባ ሆኖ ይቀራል።

በእንዲህ ያለ ጽሑፍ ውስጥ «እኔ» የሚሉት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ነገሩን ያሳለፈው፣ ሌላው ዛሬ ተቀምጦ የሚጽፈው። ያሳለፈው ሰው የሚቀጥለውን አያውቅም፤ በሆስፒታል ኮሪደር ላይ ሐኪሙን የሚጠብቅ ልጅ በሩ ሲከፈት ምን እንደሚሰማ አያውቅምና አንባቢውም ከእርሱ ጋር ሳያውቅ መጠበቅ አለበት። ብዙ ረቂቆችን የሚያበላሸው የሚጽፈው ሰው ያለ ጊዜው መግባቱ ይመስለኛል። «ያቺ ቀን ሕይወቴን እንደምትለውጥ አላወቅሁም ነበር» ተብሎ የተጀመረ ታሪክ ያን መጠበቅ ገና ከመጀመሪያው መስመር ላይ ከአንባቢው ነጥቆታል። በአንጻሩ የሚጽፈው ሰው ጨርሶ እንዲጠፋ የሚመክሩ፣ «አሳይ እንጂ አትናገር» የሚለውን መመሪያ እንደ ሕግ የሚይዙ መምህራን አሉ፤ በዚህ አልስማማም። ልብ ወለድ ያለ ማብራሪያ ሊቆም ይችል ይሆናል፤ የግል ገጠመኝ ግን ባለቤቱ ስለ ነገሩ ሲያስብ ካልታየበት ጎደሎ ነው። ጥያቄው የቱ ጋ ይናገር የሚለው ነው፤ እኔ ትዕይንቱ ካበቃ በኋላ፣ በአጭሩ ቢናገር እመርጣለሁ።

ትዝታ ራሱ የማይታመን ምስክር መሆኑ ሥራውን የበለጠ ያከብደዋል። እ.ኤ.አ. በ1986 ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር በፈነዳች ማግሥት የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኡልሪክ ናይሰር ተማሪዎች ዜናውን የት ሆነውና እንዴት እንደሰሙ በጽሑፍ እንዲያሰፍሩ አደረገ። ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ ከባልደረባው ከኒኮል ሃርሽ ጋር እንደገና ሲጠይቋቸው ብዙዎቹ በሙሉ እምነት የተናገሩት ቀድሞ በገዛ እጃቸው ከጻፉት የተለየ ታሪክ ነበር። ስለዚህ ጸሐፊው ከመጀመሩ በፊት የድሮ ደብዳቤና ፎቶግራፍ ቢያገላብጥ፣ አብረውት የነበሩትን ቢጠይቅ መልካም ነው። እርሱ ዝናብ ነበር ሲል እኅቱ ፀሐይ ነበር ካለች ልዩነቱን ራሱን ይጻፈው፤ ለምን ዝናብ ሆኖ እንደቀረበት ማሰቡ ብዙ ጊዜ ወደ ታሪኩ እምብርት ይወስደዋል። ቃል በቃል ሊታወስ የማይችል ረጅም ምልልስ ፈጥሮ በጥቅስ ምልክት ማስቀመጥን ግን በምንም ምክንያት ልደግፈው አልችልም።

በዚያው በ1986 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ጄምስ ፔኔቤከርና ሳንድራ ቢል ባወጡት ጥናት ተማሪዎች በተከታታይ አራት ቀናት፣ በየቀኑ ለ15 ደቂቃ፣ ስለ ደረሰባቸው ከባድ ነገር እንዲጽፉ ተደርጎ ነበር። ድርጊቱንም ስሜታቸውንም አዋሕደው የጻፉት በቀጣዮቹ ወራት ወደ ዩኒቨርሲቲው ጤና ጣቢያ የሄዱት ከሌሎቹ ባነሰ ቁጥር ሲሆን፣ ድርጊቱን ብቻ በጻፉት ላይ ግን ይህ አልታየም። ይህን የማነሣው ለመጀመሪያው ረቂቅ ትልቅ ነጻነት ስለሚሰጥ ነው፤ ያ ረቂቅ የጸሐፊው ብቻ ነውና ቁጣውም ለቅሶውም ሳይታረም ይፍሰስበት። ሁለተኛው ረቂቅ የአንባቢው ነው። እዚያ ላይ አምስት ዓመት በአንድ ዓረፍተ ነገር ታልፎ አንድ ከሰዓት በኋላ ሦስት ገጽ ሊወስድ ይችላል፤ «በጣም አዘንኩ» የሚለውም ተሰርዞ በዚያች ደቂቃ እጅ ምን ይዞ እንደነበር፣ ዓይን የት ላይ እንደተተከለ ይገባበታል።

በታሪኩ ውስጥ ያሉት ሌሎች ሰዎች ሊጻፍባቸው አልፈቀዱም፤ ይህ ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። ስም መቀየሩ ብቻውን አይበቃም፤ የቤተሰብ ሰው ስሙ ቢቀየርም በሚያውቁት ዘንድ ይለያልና። እኔ የምጠይቀው ያ የበደለኝ ሰው በጽሑፉ ውስጥ የራሱ ምክንያት ተሰጥቶት እንደሆነ ነው። ካልተሰጠው ረቂቁ ገና አላለቀም፤ ከተሰጠው ደግሞ ለሌላ ሰው ከመውጣቱ በፊት፣ የሚቻል ከሆነ፣ መጀመሪያ እርሱ እንዲያነበው አደርጋለሁ።