ስሟ ከነአባቷ ሲጠራ

ባሕር ዳር፣ ግንቦት

ከትናንት ጀምሮ ያገኘኝ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ልጅቷ ተመረቀች አሉ፤ እንኳን ደስ አላችሁ! በምንድን ነው የተመረቀችው?» «በባዮሎጂና በታሪክ» እላለሁ። «ሁለቱን አንድ ላይ?» ይሉኛል። «አዎ፣ አንድ ላይ።» ከዚያ ትንሽ ዝምታ። «ታዲያ ምን ልትሠራበት ነው?»

ጎረቤታችን ጋሼ ደግሞ ሳይሸፋፍኑ ነገሩኝ። «እስከ አሜሪካ ሄዳ ሕክምና ሳትማር ቀረች?» አሉ። ክፋት የለባቸውም። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያውቋታል፤ የሚጨነቁት ስለሚወዷት ነው። ግን መልሱ መንገድ ላይ ቆመው የሚጨርሱት አይደለም። ለዚህ ነው ዛሬ ማታ የተቀመጥኩት።

የወንድሜ ልጅ ናት። ወንድሜ ጀልባ ነጂ ነበር። እንግዳ ጭኖ ወደ ዘጌ፣ ወደ ክብራን ገብርኤል፣ ወደ እንጦስ ኢየሱስ ሲመላለስ ነው የኖረው። ልጁ ስምንተኛ ክፍል እያለች ታሞ ሞተ። እሷ እዚሁ ባሕር ዳር ተምራ አሥራ ሁለተኛን ስትጨርስ ኦሃዮ ውስጥ ያለ አንድ ትንሽ ኮሌጅ ሙሉ ወጪዋን ችሎ ወሰዳት። ትንሽ ስል በእውነት ትንሽ ነው። ከአንደኛ እስከ አራተኛ ዓመት ያለው ተማሪ ሁሉ ተደምሮ 2,000 አይሞላም።

ሊበራል አርትስ ኮሌጅ ይሉታል። እንዲህ ያለ ኮሌጅ ልጁን ገና ከበሩ ሐኪም ነህ፣ መሐንዲስ ነህ ብሎ አይቀበለውም። ሳይንስም ሒሳብም፣ ታሪክም ግጥምም፣ ፍልስፍናም የውጭ ቋንቋም እንዲነካካ ያደርገዋል። ዋና ትምህርቱን የሚመርጠው ብዙውን ጊዜ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሕክምናም ሆነ ሕግ የሚጠናው ደግሞ ከመጀመሪያው ዲግሪ በኋላ ነው። ይህን ለጋሼ ሳስረዳቸው ፊታቸው በራ። «እንግዲያው ገና ናታ!» አሉኝ።

ነገሩ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ መሆን የለበትም ብዬ አምናለሁ። የመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ሊቃውንት የሚያስተምሯቸው ሰባት ትምህርቶች ነበሩ። ሰዋስው፣ የንግግር ጥበብ፣ ሎጂክ፣ ሒሳብ፣ ጂኦሜትሪ፣ ሙዚቃና ሥነ ፈለክ። የእነዚህ ኮሌጆች ሥር እዚያ ድረስ ይሄዳል። እኔ ግን ዝርዝሩን ባየሁ ቁጥር የሚመጣብኝ አባቴ ነው። አባቴ ጎጃም ውስጥ ዋሸራ ቅኔ የቆጠረ ሰው ነበር። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ለምኖ ነው የተማረው። ንባብ ተማረ፣ ዜማ ተማረ፣ አገባብ ተማረ፣ ቅኔ ተማረ። የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚወጣበትን ባሕረ ሐሳብም ተማረ። እንግዲህ ሰዋስው አለ፣ ሙዚቃ አለ፣ ሒሳብ አለ፣ የፀሐይና የጨረቃ ዑደት አለ። ምን ቀረ?

ከሁሉ በላይ ደግሞ መምህሩ ተማሪያቸውን ያውቁታል። ስሙን፣ አገሩን፣ የት ላይ እንደሚሰናከል። ልጁ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነስቶ ስምንት ቤት ያለው መወድስ እስኪሞላለት ድረስ የዘረፈውን ቅኔ ሁሉ የሚሰሙት እሳቸው ናቸው። አባቴ ሸምግሎ እንኳ የመምህሩን እርማት ያስታውስ ነበር። የትኛው ቤት ላይ እንዳረሙት፣ ምን ብለው እንዳረሙት።

እኔ ታሪክ አስተማሪ ነኝ። ልጆች «ታሪክ ደረሰኝ» ብለው ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ለዓመታት ከመቶ 70ው ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይግባ ሲባል ኖረናል፤ ያኔ ወደ 30ው መግባት ለብዙ ልጅ እንደ መውደቅ ነበር። በ2012 ዓ.ም. አንደኛ ዓመት የሚገባ ተማሪ ሎጂክም፣ ሥነ ልቦናም፣ ጂኦግራፊም፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክም በጋራ መማር ሲጀምር ከልቤ ነው የተደሰትኩት። ሐኪም የሚሆነውም ልጅ የሚያክመው ሰው ከየት እንደመጣ ማወቅ አለበት።

ወደ ምርቃቱ ልመለስ።

እዚያ ጠዋት አራት ሰዓት ሲሆን እዚህ ከቀኑ አሥራ አንድ ነው። እናቷ ልትሄድ ነበር፤ ቪዛው አልተሳካም። ስለዚህ ሁላችንም እናና ቤት ተሰበሰብን። እናና እናቴ ናት፣ የልጅቷ አያት። ቀን መብራት ሄዶ ነበር፤ ደግነቱ በሰዓቱ መጣ። ላፕቶፑን ከቴሌቪዥኑ ጋር ያገናኘልን የጎረቤት ልጅ ነው። ቡናው ቀረበ፣ ማንጎ ተቆራረጠ። የወንድሜ ሚስት የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ ሹሩባ ተሠርታ፣ ሽቶ ተቀብታ መጣች። እዚያ ወንበር ላይ የምትቀመጥ ያህል ነበር ዝግጅቷ። ማንም ለምን አላለም።

ሣሩ ላይ ነጭ ወንበር ተደርድሯል። መጀመሪያ መምህራኑ በሰልፍ ገቡ። ጋውናቸው ረጅም ነው፤ ከአንገታቸው ወደ ጀርባቸው የሚወርድ ባለ ቀለም ጨርቅ አለው። ጥቁር ሰማያዊው የፍልስፍና ዶክትሬት፣ ወርቃማ ቢጫው የሳይንስ፣ ነጩ የሥነ ጽሑፍና የመሳሰሉት ነው። እናና አየቻቸውና «ካህናት ናቸው እንዴ?» አለች። ልብሱ በእርግጥ የመጣው አብዛኛው መምህርና ተማሪ የቤተ ክርስቲያን ሰው ከነበረበት ከአውሮፓ የመካከለኛ ዘመን ዩኒቨርሲቲዎች ነው። ይህን ስነግራት «አላልኩም?» ብላ ፈገግ አለች።

ንግግሮቹ ረዘሙ። አለፉ። ከዚያ ስም መጥራት ተጀመረ።

እያንዳንዱን ተማሪ ነው የሚጠሩት። ልጁ ይነሳል፣ ስሙ ይነበባል፣ መድረኩን ያቋርጣል፣ የኮሌጁን ፕሬዝዳንት ይጨብጣል፣ ይወርዳል። ከዚያ ቀጣዩ። ልጅቷ ቀደም ብላ ነግራኝ ነበር። ስም የሚያነቡት መምህር ተማሪዎቹ ስማቸው እንዴት እንደሚባል በድምፅ ቀርጸው እንዲልኩ አድርገዋል። የወንድሜ ስም ውስጥ «ጠ» አለች። እንግሊዝኛ ለለመደ አፍ አስቸጋሪ ናት። መምህሩ የተላከላቸውን ሰምተው አልበቃቸውም፤ ቢሯቸው ጠርተው እያስደገሙ አጠኗት። ጡረታ ሊወጡ የደረሱ ሰው ናቸው አለችኝ። «እታበባ፣ እስኪያወጡት ድረስ አልለቀቁኝም» ነው ያለችው።

ተራዋ ደረሰ። ስሟ ተጠራ፤ ቀጥሎ የወንድሜ ስም። «ጠ»ዋ ጥርት ብላ ወጣች።

እናና እልል አለች። እናቷ ተነስታ ቆመች፣ እስክትወርድም አልተቀመጠችም። እኔ ለራሴ ምን እንዳደረግኩ አላውቅም፤ ሲኒው እጄ ላይ ፈሶ ነበር። እዚያ ሁለተኛውን ስም የቤተሰብ መጠሪያ አድርገው ነው የሚያዩት። ለእኛ ግን አንድ ሰው ነው፤ ጣና ላይ ጀልባ የነዳ፣ ቆሮሶ ጥብስ የሚወድ፣ ልጁን ማታ ማታ ፊደል ያስቆጠረ ሰው። ወንድሜ ከኢትዮጵያ ወጥቶ አያውቅም። ስሙ ኦሃዮ ላይ በድምፅ ማጉያ ተጠራ፣ የማያውቀው ሕዝብም አጨበጨበለት። ይህን ለማየት ሌላ ሁለት ሰዓት ንግግር ስሚ ብባል እሰማ ነበር።

ባሕር ዳር ምርቃት የምታውቅ ከተማ ናት። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ፖሊ ቴክኒኩ ተከፈተ፤ በ1960ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ዛሬ ፔዳ የምንለው የመምህራን ማሠልጠኛ መጣ። በ1992 ዓ.ም. ሁለቱ ተዋሕደው ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። የምርቃት ሰሞን የጣና ዳር ጋውን በለበሰ ልጅ ይሞላል። ፎቶ አንሺው፣ አበባ ሻጩ፣ ከገጠር ነጭ ጋቢውን ለብሶ የመጣው አባት፣ ባጃጅ ላይ የተደራረበው ዘመድ፣ ሁሉም አለ። እኔ ይህን ሰሞን እወደዋለሁ። ተማሪ ሲበዛ ግን ሁሉን በስም መጥራት ይከብዳል። እኔ የተመረቅኩ ቀን የትምህርት ክፍላችን ስም ተጠራ፤ በአንድ ላይ ተነሳን፣ የቆባችንን ክር አዞርን፣ ተቀመጥን። አባቴ ከሩቅ ሆኖ የትኛዋ እኔ እንደሆንኩ አለየም። ማንንም አልወቅስበትም፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው ነበር። አባቴ ግን ያን ቀን ስሙ ቢጠራ ምን ያህል ደስ ይለው እንደነበር ትናንት ነው የገባኝ።

«ሁለቱን አንድ ላይ ምን ያደርግላታል?» ላሉኝ ደግሞ ስለ መመረቂያ ጽሑፏ ልንገራቸው። የጻፈችው ስለ ደንገልና ከደንገል ስለሚሠራው ታንኳ ነው። የጣና ዳር ደንገል እየሳሳ ነው። ዳርቻው ይታረሳል፣ ይገነባበታል፤ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ደግሞ እምቦጭ የሚባለው አረም ሐይቁ ላይ ተንሰራፍቷል። ባዮሎጂው የደንገሉን ጉዳይ ይነግርሃል፤ ለምን በውኃ ላይ እንደሚንሳፈፍ፣ ግንዱ ውስጥ ያለው አየር እንዴት ቀስ በቀስ በውኃ እንደሚተካ። ደንገሉ ሲጠፋ ከዘጌ እንጨት ጭኖ የሚመጣው ታንኳ ምን እንደሚሆን፣ ታንኳ ሠሪውስ ልጁን ምን እንደሚያስተምር የሚነግርህ ግን ታሪኩ ነው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ሲመዘገብ አብሮ የተመዘገበው ይህ ሁሉ ኑሮ ነው። አንዱን ብቻ ይዘህ ግማሹን ታያለህ።

እሷ መምጣት ስላልቻለች ቃለ መጠይቁን በስልክ አደረገችው። ስልኩን ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ። የጣና ዳር ነዋሪዎቹ ነገደ ወይጦዎች ሰፈር አንድ ሽማግሌ ታንኳ ሠሪ አሉ፤ «አባባ» ነው የምላቸው። መሬት ላይ ተቀምጠው ደንገል እያሰሩ ነበር የሚያወሩን። ደንገሉ እንዴት እንደሚቆረጥ፣ ስንት ቀን ፀሐይ እንደሚፈልግ፣ ያልደረቀው ለምን እንደማያዋጣ ነገሩን። ታንኳ ከዋለ በኋላ ወደ ዳር ተስቦ መድረቅ አለበት፤ ካልደረቀ ይከብዳል፣ እንዲያም ሆኖ ዕድሜው ወራት ነው። እሷ ከወዲያ ትጠይቃለች፣ እሳቸው ከወዲህ ይመልሳሉ። አንድ ቦታ ላይ ጥያቄዋን ሰሙና «ይቺ ልጅ የጀልባ ሰው ልጅ ናት» አሉ። አባቷን አላወቁትም ነበር፤ ከጥያቄዋ ነው የለዩት።

ጽሑፉ ሲያልቅ የምስጋናውን ገጽ ላከችልኝ። የመጀመሪያው ስም የአባባ ነው፤ ከመምህሮቿ ሁሉ በፊት፣ ከነአባታቸው። ይዤላቸው ሄድኩ። አነበብኩላቸው። «አባቴንም ጽፋለች?» አሉኝ። ጽፋለች አልኳቸው። እንደገና አንብቢው አሉ። አነበብኩት። ከዚያ ልጆቻቸውን ጠርተው አንብቢላቸው አሉኝ፤ አነበብኩላቸው። ብዙ ነገር የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ ዕውቀታቸው በስማቸው ወረቀት ላይ ሰፍሮ ሲያዩ ግን ይህ የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም።

ማታ ልጅቷ ደወለች። ጋውኗን አላወለቀችም። እናና ስልኩን ተቀብላ አልሰጥም አለች። «የወጣሽበት ይቅናሽ። የያዝሽው ይባረክልሽ። ለወገን የምትተርፊ ያድርግሽ። ክፉ አይንካሽ። ያባትሽን ስም እንዳስጠራሽ ስምሽ ይጠራ» አለቻት። ከወዲያ አሜን፣ ከወዲህ አሜን። የወንድሜ ሚስት ስልኩን ስትቀበል ግን ብዙ ማውራት አልቻለችም። ያኔ አንድ ነገር ልቤ ውስጥ ገባ። ባሏ ሲሞት ልጅቷን ያሳደገችው እሷ ናት። ገበያ ቁጭ ብላ፣ እንጀራ ጋግራ ሸጣ። የእሷ ስም አልተጠራም። የስማችን ሥርዓት እንዲያ ነው፤ ማንም ሆን ብሎ አላስቀራትም። ግን አልተጠራም።

ዛሬ ጠዋት ትምህርት ቤት ገብቼ ርዕሰ መምህሩን አነጋገርኩ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆቻችን ለፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ ከመሄዳቸው በፊት አነስተኛ የስንብት ዝግጅት እናደርግላቸዋለን። ዘንድሮ ሁሉም በስማቸው ይጠሩ አልኩ፤ ከነአባታቸው፣ ከነእናታቸው። «ፕሮግራሙ ይረዝማል» አሉኝ። «ይርዘም» አልኳቸው። ሙዚቃውን እናሳጥራለን፣ ንግግሩን እኔው አሳጥራለሁ፤ ስሙን የማነበውም እኔ ነኝ አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና ተስማሙ።

የስም ዝርዝሩን ከሬጅስትራር ወስጃለሁ። የእናት ስም የለበትም። ነገ በየክፍሉ ገብቼ ከልጆቹ እጽፋለሁ፤ ስማቸው እንዴት እንዲነበብ እንደሚፈልጉም አንድ በአንድ እጠይቃቸዋለሁ።