ከመዝራት በፊት መቁረጥ፣ ከመቁረጥ በኋላ ማቃጠል፦ የፓይን ደን ለድርጭት

በአሜሪካ፣ በደቡብ ጆርጂያና በሰሜን ፍሎሪዳ፣ የፓይን (ጥድ መሰል ዛፍ) ደን ያለው ሰው ቦብዋይት የተባለው የዱር ድርጭት ሲጠፋበት ቶሎ የሚታየው ማሽላ መዝራት ነው። ገንዘቡ እዚያ ላይ ባይባክን ይሻላል። ዛፎቹ ጫፍ ለጫፍ ከገጠሙ ከሥራቸው የወደቀ የፓይን ቅጠል እንጂ ሣር አይኖርም፤ ሣርና አበባ ከሌለ ነፍሳት የለም፤ ነፍሳት ከሌለ ጫጩት አያድግም።

ስለዚህ መጀመሪያ ማሳሳት። ልኩ በደረት ከፍታ ላይ የሚለካው የግንዶች ቁርጥ ገጽ ስፋት ድምር ሲሆን፣ በሄክታር ከ9 እስከ 14 ካሬ ሜትር ይበቃል። 12 ካሬ ሜትር ቢወሰድና ግንዱ 30 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ቢኖረው፣ በሄክታር 170 ያህል ዛፍ ይቀራል፤ በዛፍና በዛፍ መካከል ሰባት ሜትር ተኩል ግድም ማለት ነው። ለጣውላ የተከለ ሰው ይህን ሲሰማ ይሳሳል፣ ግማሽ መንገድ ላይም ያቆማል። እኩለ ቀን ላይ ከመሬቱ ግማሽ በላይ ፀሐይ ካላረፈበት ግን መቁረጡ አልተጠናቀቀም።

ስዊትገምን የመሰሉ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው ዛፎች በመጋዝ ብቻ አይጠፉም፤ ከጉቶው አምስትና ስድስት ሆነው ያቆጠቁጣሉ። ጉቶው እንደተቆረጠ፣ ሳይደርቅ፣ ትራይክሎፒር የተባለ የተክል ማጥፊያ መድኃኒት ይቀባል።

ቀጥሎ እሳት። የድርጭት ተመራማሪው ኸርበርት ስቶዳርድ እ.ኤ.አ. በ1931 ባሳተመው ጥናት የታቀደ ቃጠሎ ለድርጭት እንደሚጠቅም ሲጽፍ፣ የደን ባለሥልጣናት እሳትን በሙሉ እንደ ጠላት ይቆጥሩ ነበር። ዛሬ በአካባቢው የተለመደው አሠራር መሬቱን ከ20 ሄክታር በማይበልጡ ቁራጮች ከፍሎ፣ በየዓመቱ ግማሹን፣ የካቲትና መጋቢት ግድም ማቃጠል ነው። ሁሉንም በአንድ ዓመት ያቃጠለ ሰው ድርጭቶቹን ጎጆ መሥሪያ ያሳጣቸዋል፤ ድርጭቷ ጎጆዋን የምትሠራው ካለፈው ዓመት በተረፈ ደረቅ የሣር ጉብታ ሥር ነው። ሦስት ዓመት ያለ እሳት ማሳለፍ ደግሞ ቁጥቋጦው ሣሩን እንዲውጠው መፍቀድ ነው። ከመለኮስ በፊት ፈቃድ ይወጣል፣ የተቆረጠው ቅርንጫፍም ከቆሙት ግንዶች ሥር ይነሣል፤ እዚያ ከተከመረ ሙቀቱ የሚተርፈውን ዛፍ ይገድላል። እሳቱ ነፋሱ ከሚሄድበት ጫፍ፣ ከታረሰ መስመር ተነሥቶ ነፋሱን እየተቃወመ በዝግታ ይጀምር። ወጣት ሎብሎሊ ፓይን ያለበት ቦታ ግን ይዘለል፤ ሎንግሊፍ የተባለው ሌላው የፓይን ዓይነት ገና ሣር መስሎ ሳለ እሳት ይችላል፣ ሎብሎሊ አይችልም።

ውጤቱን ለማየት መሬት ላይ በደረት መተኛት ያስፈልጋል። አዲስ የተፈለፈለ ጫጩት ስድስት ግራም ያህል ብቻ ይመዝናል። ከላይ ቅጠል ጥላ ሆኖለት ከታች ባዶ አፈር ላይ ካልሮጠ ነፍሳት አይለቅምም፣ ጤዛም ያረጥበዋል። ቤርሙዳ ወይም ባሂያ ሣር ምንጣፍ ሆኖ ከሸፈነው፣ ከላይ የሚያምረው መሬት ለጫጩቱ ግድግዳ ነው። እንዲህ ያለውን ሣር እሳት ያለመልመዋል እንጂ አያጠፋውም፤ በአረም ማጥፊያ መድኃኒት ይገደል።

መጠለያም አይረሳ፤ የዱር ፕለምና የብላክቤሪ ጥሻ በየ50 ሜትሩ ቢኖር ጥሩ ነው። ቃጠሎው እንዳይበላው ዙሪያውን ማረስ ነው። የእሳት መስመሮቹን ከኅዳር እስከ የካቲት በዲስክ ማረሻ መገልበጥ ራግዊድና ፓርትሪጅ ፒ የተባሉ የዱር ተክሎች በራሳቸው እንዲበቅሉ ያደርጋል፤ ይህ ከተገዛ ዘር ይረክሳል።

በቤት የተፈለፈለ ድርጭት ገዝቶ መልቀቅን በተመለከተ፣ አብዛኛው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የጭልፊትና የቀበሮ ቀለብ ይሆናል።