ቀለም የሚለቀውን ልብስ ማሽን ውስጥ ከመክተት በፊት መያዝ
ነጭ ልብሶቼ መደብዘዛቸውን አቁመዋል። ሳሙናውም ማሽኑም ያው ነው፤ የተለወጠው ልብሱ ከመግባቱ በፊት ያለው ሥራ ነው።

ኪስ ስለመፈተሽ ብዙ አልልም፤ የተረሳች አንዲት ሶፍት ጥቁር ልብስን ምን እንደምታደርግ ሁሉም ያውቃል። ዚፕ ይዘጋል፣ ጥርሱ ሌላውን ልብስ እንዳይቧጭር። የሸሚዝ ቁልፍ ግን ይፈታል፤ ተቆልፎ ከታጠበ ሲሽከረከር ክሩም ቀዳዳውም ይሳባል። ጂንስና ጥቁር ቲሸርት ፊታቸው ተፋትጎ እንዳይነጣ ይገለበጣሉ። ካልሲም ላቡ በውስጥ በኩል ስለሆነ መገልበጥ ነበረበት፤ ይሰለቸኛል፣ እንደወለቀ እከተዋለሁ።

አስቸጋሪው ቀለም የሚለቅ ልብስ ነው። ነጩን፣ ደማቁንና ጥቁሩን ለየብቻ መከመር አይበቃም፤ ደማቁ ክምር ውስጥ ራሱ አንዱ ሌላውን ያበላሻል። ዋናዎቹ ተጠርጣሪዎች አዲስ ቀይ፣ ጥቁር ሰማያዊና ሐምራዊ የጥጥ ልብሶች ናቸው፤ ከክሩ ጋር ሳይያያዝ የቀረ ትርፍ ቀለም ይዘው ይመጣሉ። ጂንስ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ ኢንዲጎ የሚባለው ሰማያዊ ቀለሙ ክሩን ከላይ ከላይ ስለሚሸፍን ብዙ ጊዜ ከታጠበም በኋላ ሲፋተግ ይረግፋል።

አሞካከሩ እንዲህ ነው፦ በውስጥ በኩል፣ የማይታይ ስፌት ላይ ለብ ያለ ውሃ ከትንሽ ሳሙና ጋር ጠብ አድርጉ። ነጭ የጥጥ ጨርቅ ደርባችሁ 1 ደቂቃ ያህል ጫን ብላችሁ ያዙ። ጨርቁ ቀለም ከያዘ ልብሱ ለብቻው በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠብ፤ ከ2 ወይም ከ3 እጥበት በኋላ ሙከራው ይደገም። ጥልፍ ካለው ጥልፉንም ለብቻ ሞክሩ፤ ልብሱ ራሱ ሳይለቅ የጥልፉ ክር ሊለቅ ይችላል።

ጨውና ኮምጣጤ ውስጥ መዘፍዘፍ ቀለም ያስይዛል የሚለውን ምክር ግን እባካችሁ እንተወው። ጨው የሚጠቅመው ጥጡ ሲቀለም፣ ቀለሙ ወደ ክሩ እንዲገባ ነው። ኮምጣጤም ሱፍና ሐር በሚቀለሙበት ዓይነት ቀለም ላይ ይሠራል። ተሰፍቶ ያለቀ የጥጥ ልብስ ላይ ሁለቱም ትርፉን ቀለም አያስሩትም፤ ታጥቦ እስኪያልቅ መለየት ብቻ ነው መላው። ቀለም አንዴ ከተላለፈ የተበላሸው ልብስ ሳይደርቅ ወዲያው መልሶ ይታጠብ፤ ካውያ ከነካው በኋላ በጣም ያስቸግራል። በረኪና ለነጭ ጥጥ እንጂ ለሱፍና ለሐር አይሆንም፣ ክሩን ይበላዋል።

ክብደትም ይለይ። ፎጣ ብናኙን ጥቁር ፖሊስተር ላይ ይለጥፋል፤ ከባድ ጂንስ ደግሞ ስስ ሸሚዝን ይፈትጋል። የማሽኑ ሆድ ለጥጥ ከላይ መዳፍ የሚያስገባ ክፍተት ይተውለት፣ ለፖሊስተር እስከ ግማሹ ይበቃል። የደም እድፍ ቀድሞ በቀዝቃዛ ውሃ ይለቅለቅ፣ ሙቅ ውሃ ጨርቁ ላይ ያጣብቀዋል። የዘይት ጠብታ ላይ ግን ውሃ ሳይነካው የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና አሽታችሁ 15 ደቂቃ አቆዩት።