ቋጥኙን ማን አመጣው?

የበረዶ ግግር፣ ማለትም በመሬት ላይ በዝግታ የሚንሸራተት ግዙፍ በረዶ፣ ድንጋይ አይመርጥም። እንደ ዱቄት የላመውንም፣ ቤት የሚያክለውንም አንድ ላይ ጠራርጎ ይወስዳል። ሲቀልጥ ሁሉንም በደረሰበት ዘርግፎት ይቀራል። ይህን ጠባዩን በደንብ ያየሁት ለአንድ ሕንፃ የመሠረት ምርመራ ስንሠራ ነው።

ቦታው በመጨረሻው የበረዶ ዘመን በወፍራም በረዶ ሥር የነበረ ነው። መቆፈሪያው 8 ሜትር ገደማ ላይ ጠንካራ ድንጋይ ገጠመው። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሱት አንጋፋ ባለሙያ «በቃ፣ አለት ላይ ደርሰናል» አሉ፤ ከአፈሩ ሥር ያለውን፣ ከቦታው ያልተነቀለውን ድንጋይ ማለታቸው ነው። የተቋራጩ ተወካይ ደስ አለው። ሥራው ስለዘገየ ማሽኑ ቶሎ ወደ ሌላ ጉድጓድ እንዲዞር ፈልጓል።

እኔን ግን የወጣው ናሙና አላስቀምጠኝ አለ። ድንጋዩ ግራናይት ነው። የጂኦሎጂ ካርታው ደግሞ የአካባቢው አለት የኖራ ድንጋይ መሆኑን ያሳያል። ከላዩ የወጣው አፈር ሸክላ፣ አሸዋ፣ ጠጠርና ማዕዘኑ ያልሟሸሸ ድንጋይ እንዲሁ የተዘበራረቀበት ነው። ከመሀሉ እጅ የሚሞላ የኖራ ድንጋይ አንስቼ በውሃ አጠብኩት። አንድ ጎኑ ተልጎ ጠፍጣፋ ሆኗል። በዚያው ጎን ላይ ቀጫጭን ጭረቶች ጎን ለጎን ተሰምረዋል። ውሃ እያንከባለለ ያመጣው ድንጋይ ይከብባል እንጂ እንዲህ አይሰመርም። ይሄ በበረዶው ግርጌ ተቀርቅሮ፣ ሌላ ድንጋይ ላይ እየተፋቀ የተጎተተ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ ግራናይት የዚህ አገር ሰው አይደለም፤ ትንሽ እንቀጥል» አልኳቸው። ተወካዩ ቅር አለው። «ከዚህ የጠነከረ ምን ትፈልጋለህ?» አለኝ።

ጥያቄው አይፈረድበትም። በረዶ የሚሸከመውን ያላየ ሰው ያን የሚያህል ድንጋይ ከሌላ ቦታ መጣ ሲባል ማመን ይከብደዋል። ካናዳ ውስጥ ኦኮቶክስ አጠገብ ሜዳ ላይ የተቀመጠው ቋጥኝ 16,500 ቶን ገደማ ይመዝናል። ከሮኪ ተራሮች ያመጣው በረዶ ነው። የስዊዘርላንዱ ተመራማሪ ሉዊ አጋሲ በ1840 እ.ኤ.አ. ስለ በረዶ ግግር ጽፎ ከመከራከሩ በፊት፣ እንዲህ ያሉትን ቋጥኞች ታላቅ ጎርፍ አመጣቸው የሚሉ ምሁራን ብዙ ነበሩ።

ቁፋሮው ቀጠለ። ሁለት ሜትር እንኳ ሳይሞላ መቆፈሪያው በድንገት ወደ ታች ሸሸ። በቁፋሮው ጊዜ ከጉድጓዱ ተመልሶ የሚወጣው ውሃም ደፈረሰ። ያው የተዘበራረቀ ሸክላ ተመልሶ መጣ። ትክክለኛው የኖራ አለት የተገኘው ከዚያ በጣም ወርዶ ነው። በዚያ ግራናይት ላይ አንድ ዓምድ አቁመን ሌላውን ሸክላው ላይ ብናሳርፍ ሕንፃው እኩል አይሰምጥም፤ ግድግዳው ይሰነጠቃል። ዲዛይኑ እስከ አለቱ በሚወርዱ ምሰሶዎች ተቀየረ። ተወካዩም ከዚያ ወዲህ አልተከራከረም። አሁን ድንጋይ ሲገጥመን ቢያንስ 3 ሜትር ዘልቀን እንቆፍራለን። ዓይነቱ ከካርታው ጋር ካልገጠመ ደግሞ ማሽኑ አይነሳም።

ነፋስ ያመጣው መሬት ሌላ ጣጣ አለው። ነፋስ መራጭ ነው፤ ጠጠሩን ትቶ አሸዋውን እያዘለለ ይነዳል፣ ብናኙን ደግሞ ሩቅ ይወስዳል። በቻይና የሎይስ አምባ ላይ ይህ ብናኝ (ሎይስ የሚባለው እሱ ነው) ከ100 ሜትር በላይ የተከመረበት ቦታ አለ። ሲደርቅ ቀጥ ብሎ እንደ ግድግዳ ይቆማል፤ ዋሻ ፈልፍለው የሚኖሩበትም አሉ። ውሃ ሲጠግብ ግን ከነተሸከመው ሸክም ቁጭ ይላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ናሙና ሲመጣ ደረቁን ብቻ መፈተን አይበቃም፤ በጭነት ሥር ውሃ አጠጥቶ ማየት ያስፈልጋል።

ባሕር ዳር ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ገደሉ በዓመት ስንት እየተበላ ነው የሚል ነው። በምሥራቅ እንግሊዝ ሆልደርነስ የሚባለው ዳርቻ በረዶ ትቶት የሄደው ሸክላ ነው። ባሕሩ በአማካይ በዓመት 2 ሜትር ገደማ ይወስደዋል። እዚያ አለቱ ስንት ሜትር ላይ እንደሆነ ከመለካት በፊት፣ ሕንፃው በሚኖርበት ዘመን ሁሉ መሬቱ ራሱ መኖሩን ማስላት ይቀድማል።