ከአቧራው ውስጥ የትኛው ነው?

አስምና የአፍንጫ አለርጂ ያለበት ሰው «አቧራ አይስማማኝም» ማለት ይቀናዋል። እኔም ለዓመታት የምለው ይህንኑ ነበር። አቧራ ግን አንድ ነገር አይደለም። ውስጡ ዳስት ማይት የሚባሉት በዓይን የማይታዩ ተባዮች ኩስ አለ፤ የድመትና የውሻ የቆዳ ፍርፋሪ፣ የበረሮ ስብርባሪ፣ የሻጋታ ብናኝ፣ ከውጭ የገባ የአበባ ብናኝም አለ። የትኛው እንደሚጥለኝ ሳላውቅ ከሁሉም ልሽሽ ብል የት እገባለሁ?

ስለዚህ ደብተር ያዝኩ። «ዛሬ አሞኛል» ብሎ መጻፍ ብዙም አይጠቅምም። ሰዓቱን፣ የነበርኩበትን ክፍል፣ ምን ስሠራ እንደነበር፣ መስኮቱ ክፍት ይሁን ዝግ፣ ኢንሄለር (በአፍ የሚሳበውን የአስም መድኃኒት) ስንቴ እንደሳብኩ ጻፍኩ። ጠዋትና ማታ ፒክ ፍሎው ሜትር ውስጥ እየነፋሁ ቁጥሩን አሰፈርኩ። አየር ከሳንባ በምን ፍጥነት እንደሚወጣ የምትለካ ትንሽ ቱቦ ናት። ሰው «ደህና ነኝ» እያለም ቁጥሩ ሊወርድ ይችላል።

ቀስ በቀስ ነገሩ መልክ ያዘ። የሚብስብኝ ሌሊትና ጠዋት ነው። አንሶላ የምቀይርበት ቀንማ አይጣል ነው! ብርድ ልብሱን አንዴ ሳራግፈው ዓይኔን ያሳክከኛል፣ አፍንጫዬ ይዘጋል፣ ከዚያ ደረቴ ሲር ሲር ማለት ይጀምራል። ከቤት ስወጣ ደግሞ ይቀለኛል። የአበባ ብናኝ ቢሆን ወቅት ጠብቆ በመጣ፣ ደረቅና ነፋሻማ ቀን ደጅ ስወጣ በባሰብኝ ነበር።

ደብተሬን ይዤ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፤ የቆዳ ምርመራ ታዘዘልኝ። አንቲሂስታሚን የሚባለው የአለርጂ መድኃኒት የቆዳውን ምላሽ ስለሚደብቅ አንድ ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ይቆማል። የአስም ኢንሄለር ግን አይቆምም። (ሐኪም ሳይነግራችሁ በራሳችሁ መድኃኒት እንዳታቆሙ አደራ።) ማቆም ለማይችል ሰው የደም ምርመራ አለ።

ክንዴ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት ተደረገ፤ በየምልክቱ አጠገብ ከተጠረጠሩት ነገሮች የተዘጋጀ አንድ አንድ ጠብታ። ከዚያ በጠብታው ላይ ቆዳዬን በስለት ጫፍ ነካ፣ ነካ። ደም እንኳ አይወጣም። ሁለቱ ጠብታዎች ለማነጻጸሪያ ናቸው፦ ሂስታሚኑ (ሰውነት በአለርጂ ጊዜ የሚለቀው ኬሚካል) ማበጥ አለበት፣ የጨው ውሃው ደግሞ ማበጥ የለበትም። እነዚህ እንደሚጠበቀው ካልሆኑ የሌሎቹ ውጤት አይታመንም። 15 ደቂቃ ሳያኩ መቀመጥ ነው እንግዲህ ፈተናው! በኋላ እብጠቱ በማስመሪያ ይለካል፤ ከጨው ውሃው ቢያንስ 3 ሚሊሜትር ከበለጠ ፖዘቲቭ ነው።

የኔ ማይቱም ድመቱም አበጡ።

«ቤትሽ ድመት አለ?» አሉኝ ሐኪሙ።

«ኧረ የለም። ድመት ያለበት ቤትም አልሄድም።»

«እንግዲያው ድመቷን ለጊዜው እንተዋት፣ ልጄ። ፖዘቲቭ ማለት ሰውነትሽ ለይቶ ያውቃታል ማለት ነው እንጂ አሁን ያመመችሽ እሷ ናት ማለት አይደለም።»

ደብተሩ ዋጋ ያወጣው ያኔ ነው። አለርጂ የሚያስነሳው የድመት ብናኝ በሰው ልብስ ተጣብቆ ስለሚጓዝ፣ ድመት ከሚያሳድጉ ሰዎች ጋር የዋልኩባቸውን ቀናት ለይቼ አየሁ። ምንም የለም። የአልጋው መስመር ግን ከማይቱ ጋር ቁልጭ ብሎ ገጠመ። በተቃራኒው ሽቶና ጭስ ደብተሬ ላይ ደጋግመው አሉ፣ ክንዴ ላይ ግን አይወጡም። እነሱ የአየር ቧንቧን የሚቆጠቁጡ ናቸው፤ አለርጂ አይባሉም። ቢሆንም ከነሱም እርቃለሁ።

ከዚያ አልጋው ላይ ዘመትኩ። ፍራሽና ትራሱን ማይት በማያሳልፍ ጨርቅ ሸፈንኩ፤ አንሶላና ትራስ ልብሱን በየሳምንቱ በ60 ዲግሪ አጥባለሁ። ማይት ውሃ አይጠጣም፣ የሚኖረው ከአየር በሚስበው እርጥበት ነው፤ ስለዚህ የክፍሉን እርጥበት ከ50 በመቶ በታች ለማድረግ እየጣርኩ ነው። ሽፋኑ ብቻውን ብዙም አይፈይድም፤ መድኃኒቴንም አልተውኩም። የጠዋቱ ቁጥር ግን ከፍ ብሏል።

አንድ ነገር አልተፈታልኝም። ርጥብ ምድር ቤት ስገባ አስነጥሳለሁ፣ ሻጋታው ግን ክንዴ ላይ አላበጠም። ሐኪሙ እንዳሉኝ የሻጋታው ዓይነት ብዙ ነው፤ ምርመራው የሚያየው ጥቂቱን ብቻ ነው። ደግሞ ቆዳና ደም ዝም ብለው አፍንጫ ብቻውን የሚቆጣበት ጊዜ አለ። ያንን ለማወቅ የተጠረጠረውን ነገር በጥቂቱ አፍንጫ ውስጥ አድርጎ የሚያይ ምርመራ አለ፤ የሚሠራው ሐኪም ባለበት ነው። ቀጠሮ ይዣለሁ።